ሕመም የሌለው እብጠት፦ ስለ ምራቅ ዕጢ ቱመር ቀዶ ሕክምና

ከጆሮ ሥር ወይም ከመንጋጋ በታች ትንሽ እብጠት ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡ ሕመምተኞች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካላመመኝ ለምን ይነካል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እብጠቱ ለዓመታት አብሯቸው ኖሯል፤ ሲበሉም ሲናገሩም አላስቸገራቸውም። መጀመሪያ ላይ ጆሮ ደግፍ መስሏቸው ይጠፋል ብለው ጠብቀዋል፤ አንዳንዶቹም የጥርስ ሕመም ያመጣው ንፍፊት ነው ተብለው አንቲባዮቲክ ደጋግመው ወስደዋል። የክሊኒክ ጊዜ አጭር ነው፤ ጉዳዩ ግን አጭር ስላልሆነ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ እዚህ ከነምክንያቱ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው። ዋናውን ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ የምራቅ ዕጢ ቱመር (በምራቅ አመንጪ ዕጢ ላይ ያለ ልክ የሚበቅል፣ ካንሰር ሊሆንም ላይሆንም የሚችል እብጠት) ያለበት ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሉ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው። እሱ በሚገባ ታቅዶ በሚገባ ከተሠራ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ በችኮላ ከተሠራ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐኪም ሁሉ የሚደክመው የመጀመሪያውን ለማረም ነው።

ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉን። ትልቁ ፓሮቲድ ሲሆን ከጆሮ ፊትና ሥር፣ የመንጋጋውን የኋላ ጠርዝ ተንተርሶ ይገኛል። ሳብማንዲቡላር የሚባለው ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ትንሹ ሳብሊንጓል ደግሞ ከምላስ በታች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በላንቃና በጉሮሮ ሽፋን ሥር የተበተኑ ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ሁሉም ተደማምረው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫሉ። ከትልልቆቹ አንዱ ቢወጣ ቀሪዎቹ ሥራውን ስለሚሸፍኑ አፍ አይደርቅም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚፈራ ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል።

ቱመሩ የበቀለበት ቦታ ስለ ምንነቱ ብዙ ይነግረናል። ከምራቅ ዕጢ ቱመሮች 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፓሮቲድ ይነሣሉ፤ ከፓሮቲድ ቱመሮች ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ካንሰር አይደሉም። ዕጢው እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሳብማንዲቡላር ላይ ከሚወጡት ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ ከጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ከሚነሡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በሳብሊንጓል ላይ ከሚታዩት ደግሞ አብዛኞቹ ካንሰር ናቸው። ስለዚህ በላንቃ ላይ የወጣች ትንሽ ጉብታ ከጆሮ ሥር ከወጣ ትልቅ እብጠት ይልቅ ልታሳስብ ትችላለች። በልጆች ላይ የሚታይ ጠንካራና የማይጠፋ የዕጢ እብጠትም ከአዋቂዎች ይልቅ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ስለሚል በዝምታ አይታለፍም።

ከሁሉም በብዛት የሚያጋጥመን ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ የተባለው ቱመር ነው፤ ለጥያቄው መልስ የሚሆነውም በአብዛኛው የእሱ ጠባይ ነው። ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም በዓመት በማይታወቅ መጠን ያድጋል፤ ሲዳሰስ ጠንከር ይላል፤ ከቆዳው ጋር ሳይጣበቅ በጣት ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ሁለት ጠባዮቹ ሐኪሙን እንዲጠነቀቅ ያስገድዱታል።

አንደኛው ጠባዩ የሽፋኑ ነገር ነው። ቱመሩ በዓይን ሲታይ በሙሉ ሽፋን የተከበበ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሽፋኑ በአንዳንድ ቦታ እጅግ የሳሳ፣ በአንዳንድ ቦታም ጨርሶ የተቋረጠ ነው፤ በዚያም በኩል ቀጫጭን ቅጥያዎች ወደ ዕጢው ሥጋ ወጥተው ይገኛሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች የፊትን ነርቭ ላለመጉዳት ሲሉ ሽፋኑን ሰንጥቀው ቱመሩን ከውስጡ ፈልቅቀው ያወጡ ነበር። ሥራው ፈጣን ነበር፤ ሕመምተኛውም ፊቱ ሳይጣመም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በዚህ መንገድ ከታከሙት ሰዎች ከ20 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቱመሩ ተመልሶ ተገኘ። ሲመለስም አንድ ሆኖ አይመለስም፤ እንደተበጠሰ ዶቃ በጠባሳው፣ በስቡና በነርቩ ዙሪያ ተበትኖ ይበቅላል። ቱመሩን ከነዙሪያው ጤነኛ የዕጢ ሥጋ አንድ ላይ ማውጣት ከተለመደ ወዲህ የመመለሱ መጠን ከ5 በመቶ በታች ወርዷል።

ተመልሶ የመጣ ቱመር ያለበትን ሰው ስመረምር የሚሰማኝን ቅሬታ መደበቅ አልችልም። በእንዲህ ያለ ሰው አንገት ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ከቀድሞው ስፌት መስመር ሥር ምስር የሚያካክሉ ጠጣር ነገሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ በኤምአርአይ (በማግኔት በሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ላይ ደግሞ በጣት ከተዳሰሱት የበለጡ ይታያሉ። ነርቩ በጠባሳ ተጣብቋል፤ ተፈጥሯዊ የመለያ መስመሮች ጠፍተዋል። በዚህ ሁኔታ የሚደረገው ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነርቩን የመጉዳት ዕድሉ ከመጀመሪያው እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን ሁሉንም አወጣሁ ብሎ በእርግጠኝነት መናገርም አይቻልም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዕድል አናባክነው የምለው።

ሁለተኛው ጠባዩ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ለረጅም ዓመታት የቆየ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በሕክምና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሰው የመለወጡ ዕድል በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት 1.5 በመቶ ገደማ ሲሆን ከ15 ዓመት በላይ ሲቆይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ እብጠት በድንገት ማደግ ከጀመረ፣ ማመም ከጀመረ ወይም ፊት መዛል ከጀመረ ነገሩ ተለውጧል ብለን እናስባለን። ከዚህ በተጨማሪ ትንሽ ቱመር ከነርቩ ላይ በቀላሉ ይነሣል፤ ትልቅ ቱመር ግን የነርቩን ቅርንጫፎች ወጥሮና አሳስቶ ስለሚይዛቸው ቀዶ ሕክምናው በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል። «ካላመመኝ ለምን ይነካል?» ለሚለው መልሴ ይኸው ነው፦ ዛሬ ቀላል የሆነው ነገ ከባድ ስለሚሆን።

ይህ ማለት ግን ሁሉም እብጠት በቢላዋ ይነካ ማለት አይደለም። ዋርቲን የሚባለው ቱመር በአብዛኛው ዕድሜያቸው በገፋና ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሚወጣ፣ ለስለስ ያለ፣ አንዳንዴም በሁለቱም ወገን የሚታይ ሲሆን ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ምንነቱ በናሙና ከተረጋገጠና ሕመምተኛው ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው አረጋዊ ከሆነ በየጊዜው እያዩ መተው ተገቢ ውሳኔ ነው። ቀዶ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ማለትን መፍራት የለበትም።

ምንነቱን ለማወቅ የምንጀምረው በመዳሰስና ፊቱን በመመልከት ነው። ቅንድቡን ያነሣል ወይ? ዓይኑን አጥብቆ ይጨፍናል ወይ? ጥርሱን ሲያሳይ ከንፈሩ እኩል ይሄዳል ወይ? በእብጠቱ ወገን የፊት ጡንቻ ከዛለ፣ ቆዳው ከተጣበቀ ወይም አንገት ላይ ሌላ ንፍፊት ካለ ካንሰር መሆኑን እንጠረጥራለን። ከዚያ አልትራሳውንድ ይደረጋል፤ በእሱም እየተመሩ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሕመምተኞች መርፌው በሽታውን ይበትነዋል ብለው ይፈራሉ፤ ቀጭኑ መርፌ በዚህ ረገድ ለረጅም ዘመን አገልግሎ አስተማማኝነቱ የታወቀ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ እብጠቱን በምላጭ ከፍቶ ከውስጡ ቁራጭ መውሰድ። ይህ ሽፋኑን ይቀድዳል፣ ሴሎችን ይበትናል፣ ነርቩንም ለአደጋ ያጋልጣል፤ በፓሮቲድ ላይ ለሚወጣ ተንቀሳቃሽ እብጠት መደረግ የለበትም።

የናሙናውን ውጤት ፓቶሎጂስቶች (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) በአንድ ቋንቋ እንዲጽፉት እ.ኤ.አ. በ2018 የሚላን ሥርዓት የተባለ የአጻጻፍ መመሪያ ታትሟል፤ ውጤቱን በስድስት ምድቦች ከፍሎ እያንዳንዱ ምን ያህል ካንሰር የመሆን ዕድል እንዳለው ያመለክታል። ውጤቱ «አይታወቅም» ወይም «በቂ ሴል የለም» ከሆነ ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ናሙናው ይደገማል። ቱመሩ ትልቅ፣ የማይንቀሳቀስ ወይም ወደ ውስጥ የጠለቀ ከሆነ ኤምአርአይ እንጠይቃለን፤ ምክንያቱም ከመንጋጋው ጀርባ ወደ ጉሮሮ ግድግዳ የገባውን ክፍል ጣትም አልትራሳውንድም አያገኙትም።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ልግባ። የፓሮቲድ ቀዶ ሕክምና በመሠረቱ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ነው። የፊትን ጡንቻዎች በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ሥር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዕጢው ይገባል፣ በዕጢው ውስጥም ይከፋፈላል። በዕጢው ውስጥ ሁለቱን ክፍሎች የሚለይ ግድግዳ የለም፤ ላይኛውና ጥልቁ ክፍል የምንላቸውን የሚለያቸው ራሱ ነርቩ ነው። ስለዚህ ቱመሩን ለማውጣት ነርቩን ማግኘት፣ ነርቩን ተከትሎ መሄድ፣ ቱመሩንም ከነርቩ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል።

ሕመምተኛው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል። ሰመመን ሰጪው ባለሙያ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ የሚያዝሉ መድኃኒቶችን እንዳይጠቀም አስቀድመን እንነጋገራለን፤ ጡንቻው ከዛለ ነርቩ ሲነካ ፊቱ አይንቀሳቀስምና ዋናው ምልክታችን ይጠፋል። የፊቱ አንድ ወገን ከግንባር እስከ አፍ ጥግ እንዲታይ ሆኖ ይዘጋጃል እንጂ በጨርቅ አይሸፈንም። ቆዳው የሚቀደደው ከጆሮ ፊት ያለውን የተፈጥሮ ዕጥፋት ተከትሎ፣ ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ክፍል ሥር ዞሮ፣ ወደ አንገት በሚታጠፍ መስመር ነው። መስመሩ በዕጥፋት ውስጥ ስለሚውል ከወራት በኋላ ጠባሳውን ካልፈለጉት በቀር አያዩትም።

መጀመሪያ የሚያጋጥመን ለጆሮ ታችኛው ክፍል ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ነው። የኋላ ቅርንጫፉን ማትረፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ካልተቻለ ግን ያ የጆሮ ክፍል ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይደነዝዛል። ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጉትቻ ስታደርግ ጆሮዋ እንደሌላ ሰው ጆሮ የሆነባት ሴት አንድ ነገር የተበላሸ ሊመስላት ይችላል።

ከዚያ ዋናው ፍለጋ ይጀመራል። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለው ልም አጥንት ወደ ውስጥ ሲገባ ሹል ጫፍ አለው፤ የነርቩ ግንድ ከዚያ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይገኛል። ከታች ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ወደ ፊት የሚሄድ ጡንቻ አለ፤ የነርቩ ጥልቀት ከዚያ ጡንቻ የላይኛ ጠርዝ ጋር ይቀራረባል። በእነዚህ ምልክቶች መካከል በቀጭን መቆንጠጫ ሥጋውን በነርቩ አቅጣጫ ብቻ፣ በጥቂቱ በጥቂቱ እንከፍታለን። በዚህ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ወሬ ይቆማል። ደም ትንሽ እንኳ ቢፈስ ሁሉም ነገር አንድ ቀለም ስለሚሆን እያንዳንዷ የደም ሥር በባይፖላር (በኤሌክትሪክ ሙቀት የደም ሥር በሚዘጋ መቆንጠጫ) ትዘጋለች፤ ቀጥሎ በቢጫው ስብ መካከል ነጭ፣ አንጸባራቂ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚወፍር ገመድ ብቅ ይላል። ወደ ፊት ስንከተለው ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያም በተለምዶ አምስት ወደሚባሉ ቅርንጫፎች፦ ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይን ዙሪያ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ታችኛው ከንፈርና ወደ አንገት። የቅርንጫፎቹ አከፋፈል ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ መጽሐፉ የሚያሳየውን ሥዕል ይዞ ሳይሆን በዓይን የሚታየውን አምኖ መሄድ ግድ ነው።

በዛሬው ዘመን የነርቭ መቆጣጠሪያ መሣሪያ በዓይንና በአፍ ዙሪያ በተተከሉ ቀጫጭን መርፌዎች አማካይነት ነርቩ ሲነካ ድምፅ ያሰማል። ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ለሁለተኛ ጊዜ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና እጅግ ያግዛል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ዝም ስላለ ብቻ የሚቆረጠው ነገር ነርቭ አይደለም ብሎ መደምደም አደገኛ ነው፤ መርፌው ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና። የአካል አቀማመጥ እውቀትን የሚተካ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም።

ምን ያህል ዕጢ ይውጣ የሚለው በሐኪሞች መካከል አሁንም ክርክር አለበት። ቀድሞ ከነርቩ በላይ ያለውን የዕጢ ክፍል በሙሉ ማውጣት የተለመደ ነበር። አሁን ግን ብዙዎቻችን ቱመሩን ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ብቻ እናወጣለን፤ የሚጋለጡትም በአካባቢው ያሉት የነርቭ ቅርንጫፎች ናቸው። ከዚህም ያነሰ አለ፦ የነርቩን ግንድ ሳይፈልጉ ከሽፋኑ ውጭ በጥንቃቄ ዞሮ ቱመሩን ማንሣት። ትንሽ፣ ተንቀሳቃሽና ወደ ላይ የወጣ ቱመር ላይ ልምድ ያለው እጅ ሲሠራው ውጤቱ ጥሩ ነው። የእኔ አቋም ይህን አጭር መንገድ መከተል ያለበት ረጅሙን መንገድ በሚገባ መሥራት የሚችል ሐኪም ብቻ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም በመካከል ቱመሩ ከታሰበው ጠልቆ ቢገኝ ነርቩን ፈልጎ ማግኘት ግድ ይሆናል። የቀድሞውን ፈልቅቆ ማውጣት ከዚህ ዘዴ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች ትልቅ ስሕተት ይሠራሉ፤ በአንዱ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ በሌላው ሽፋኑ ጨርሶ አይነካም።

የሳብማንዲቡላር ቀዶ ሕክምና አጠር ያለ ነው። ዕጢው ከነቱመሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቆዳው ከመንጋጋው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወርዶ ይቀደዳል፤ ይህም ለታችኛው ከንፈር የሚሄደውን ቀጭን የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ለማዳን ነው። ከሥሩ ለምላስ ስሜት የሚሰጠውና ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቮች አሉ፤ ሁለቱም በዓይን ታይተው ይተርፋሉ። በላንቃ ላይ የወጡት ደግሞ በአፍ ውስጥ ይወጣሉ፤ ቁስሉ ትንሽ ከሆነ በራሱ ይሽራል፤ አጥንት ከተወሰደ ግን ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳያልፍ ቀዳዳውን መሸፈን ያስፈልጋል።

ካንሰር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በብዛት የሚታየው ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ ሲሆን ጠባዩ እንደ ደረጃው (ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው እንደራቁበት መጠን) ነው፤ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል፣ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ግን ወደ አንገት ንፍፊቶች ስለሚዛመት እነሱንም ማውጣትና የጨረር ሕክምና መጨመር ያስፈልገዋል። ጨረሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት ያህል ይሰጣል። ቱመሩ ሊወጣ የሚችል ሆኖ ሳለ ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ በጨረር ብቻ መታከም ግን ተመራጭ አይደለም፤ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ስለ ነርቩ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፊቱ በደንብ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ቱመሩ ካንሰር ቢሆንም እንኳ፣ ነርቩን ለማትረፍ እንጥራለን፤ በነርቩ ላይ የቀረ ጥቂት የበሽታ ቅሪት ቢኖር ጨረሩ ይረዳል። ፊቱ አስቀድሞ የዛለ ከሆነና ነርቩ በቱመሩ ውስጥ ተውጦ ከተገኘ ግን የተያዘው ክፍል መቆረጥ አለበት። በዚያው ሰዓት ከአንገት ወይም ከእግር የተወሰደ የስሜት ነርቭ በመካከሉ ይሰፋል። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስኪታይ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ የሚመለሰውም የቀድሞውን ያህል አይሆንም። እስከዚያው ዓይኑን መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል፤ በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም ክብደት ዓይኑ እንዲጨፈን ይረዳል። ይህን ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተቀምጦ ያልተነጋገረ ሐኪም ሕመምተኛውን በድሏል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ከሰመመን ነቅቶ ፊቱን በመስተዋት ሲያይ ማወቅ የለበትም።

ካንሰር ላልሆነ ቱመር በተደረገ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ዘላቂ የፊት መዛል የሚደርስባቸው ጥቂት ናቸው። ጊዜያዊ መዛል ግን የተለመደ ነው፤ ነርቩ ሳይቆረጥ በመነካቱና በመወጠሩ ብቻ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊደክም ይችላል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየውም በታችኛው ከንፈር ላይ ነው። ሕመምተኛው እንደነቃ ቅንድቡን እንዲያነሣ፣ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ጥርሱን እንዲያሳይ እንጠይቀዋለን፤ የምናየውንም እንመዘግባለን። ዓይኑ በደንብ ካልተጨፈነ በቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባትና በፕላስተር መዝጋት ያስፈልጋል፤ የዓይን መድረቅ ያመጣው ቁስል ከነርቩ ድካም ይልቅ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በቁስሉ ውስጥ የሚገባው ድሬን (ደምና ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይወጣል። አንዳንዴ በስፌቱ ሥር ምራቅ ይጠራቀማል፤ በመርፌ እየተቀዳና ተጫን ተደርጎ እየታሰረ አብዛኛው በራሱ ይደርቃል።

ከወራት በኋላ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ምግብ ሲቀርብ ወይም ሲታኘክ ከጆሮ ፊት ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ላብም ያወጣል። ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1923 ባቀረበችው ጥናት በፖላንዳዊቷ የነርቭ ሐኪም በሉሲያ ፍሬይ ስም ይጠራል፤ እሷ በኋላ በሆሎኮስት ሕይወቷን ያጣች ትልቅ ሐኪም ነበረች። ምክንያቱ ቀድሞ ዕጢውን ምራቅ እንዲያመነጭ ያዝዙ የነበሩ ቀጫጭን የነርቭ ጭራዎች ዕጢው ከወጣ በኋላ አድገው ወደ ቆዳው የላብ ዕጢዎች መግባታቸው ነው። ለማረጋገጥ ቆዳው ላይ አዮዲን ይቀባል፤ ሲደርቅ የስታርች ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሕመምተኛው ሎሚ እንዲልስ ይደረጋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ የወጣበት ቦታ ብቻ ነጠብጣብ እያለ ይጠቁራል፤ የተጎዳው አካባቢ ወሰኑ በግልጽ ይታያል። ያላስቸገረው ሰው እንዲሁ ይተወዋል፤ ላስቸገረው የቦቱሊነም መርፌ (ለላብ ዕጢዎች የሚደርሰውን የነርቭ ትእዛዝ ለጊዜው የሚያግድ መድኃኒት) በዚያ ወሰን ውስጥ ይሰጠዋል፣ ለወራትም ያቆምለታል።

ክትትሉ ሰው ከሚገምተው በላይ ረጅም ነው። ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር ደግሞ ነርቮችን ተከትሎ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት ጤንነት በኋላ በሳንባ ላይ ሊገኝ ይችላል። 5 ዓመት ስላለፈ ድኛለሁ ብሎ ክትትልን ማቆም በዚህ በሽታ ላይ አይሠራም።

ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ለተዘጋጀ ሰው የምመክረው ሐኪሙን በግልጽ እንዲጠይቅ ነው። ይህን ዓይነት ቀዶ ሕክምና በተደጋጋሚ ይሠራል ወይ? ነርቩን አግኝቶ ነው ወይስ ሳያገኝ ሊሠራ ያሰበው? የናሙናው ውጤት ምን ይላል? ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ዕቅዱ ምንድን ነው? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ከሆስፒታል ሲወጣም የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የፓቶሎጂውን ውጤት ቅጂ ይጠይቅና በቤቱ ያኑር። ሐኪሞች ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ፣ መዛግብትም ይጠፋሉ፤ ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ አዲስ እብጠት ቢወጣ፣ የሚያየው ሐኪም ቀድሞ የወጣው ምን እንደነበረ፣ ሽፋኑ ተቀድዶ እንደነበረና ነርቩ በየት በኩል እንደተገኘ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።